ቀልዱን የማያውቀው በግ

ኮምቦልቻ ላይ የበግ አሻንጉሊት እንሠራለን ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እዚህ አገር በግ ጠፍቶ ነው?»

አልጠፋም። የምንሠራበት ክፍል በር ላይ ቆሞ «ባዕ» ያለ ሰው መልስ አያጣም። ጎሚስታው በግ አለው። ባለሱቁ በግ አለው። አከራያችን እትዬም ጠዋት ጠዋት ግቢውን የሚዞር አንድ ሙክት አላቸው። ለዓረፋም፣ ለፋሲካም፣ ለሠርግም የሚበቃ በግ ያለበት አገር ነው። እኛ ግን ያንን ሁሉ ትተን የባጃጅ ካቦ፣ የፍራሽ ስፖንጅ፣ ትናንሽ ሞተሮችና የለፋ ቆዳ እየገጣጠምን የውሸት በግ ስንሠራ ከረምን።

ምክንያቱ ቀልድ ነው።

ፊልሙ አጭር ኮሜዲ ነው፤ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች ተሰባስበው ለዩቲዩብ የሚሠሩት ዓይነት። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሰውዬ ለበዓል በግ ይገዛል። ባጃጅ ይይዛል። በጉን ከጎኑ ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል። መንገድ ላይ ሾፌሩ በመስታወት እያየ «ሂሳብ የሁለት ሰው ነው» ይላል። «የምን ሁለት ሰው?» «እሱስ? ወንበር ይዟል እኮ!» ክርክር ይጀመራል። በጉ ቁጭ ብሎ ይሰማል። በቃ፣ ሲኑ ይኸው ነው።

አህያ፣ ውሻና ፍየል አውቶቡስ የተሳፈሩበትን ተረት አብዛኞቻችን በልጅነታችን ሰምተናል። አህያዋ ሂሳቧን ከፍላ ወረደች፤ ስለዚህ መኪና ቢመጣም ባይመጣም ከመንገድ ንቅንቅ አትልም። ውሻው መልሱ ስላልተሰጠው እስከ ዛሬ መኪና ያባርራል። ፍየሏ ሳትከፍል ስለወረደች የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ትፈረጥጣለች። የበጉ ሂሳብ ግን ሳይነሳ ቀርቶ ነበር። ድርሰቱን የጻፈው ልጅ እሱን አስታወሰ። ቀናሁበት።

አሁን ይህን በእውነተኛ በግ ለመቅረጽ ሞክሩ። በግ የመንጋ እንስሳ ነው። ከጓደኞቹ ለይታችሁ ጠባብ ባጃጅ ውስጥ ስታስገቡት ይጨነቃል። ይጮኻል፤ ደግሞ የሚጮኸው ተዋናዩ አፉን ሲከፍት ነው። ወንበሩ ላይ የሚያደርገውን አልናገርም። አንድ ሲን አንዴ ተቀርጾ አያልቅም። ከፊት፣ ከጎን፣ ከቅርብ፣ ከሩቅ ይደጋገማል። በጉ ከሩቅ ሲቀረጽ ወደ ግራ አይቶ፣ ከቅርብ ሲቀረጽ ወደ ቀኝ ካየ ኤዲተሩ ጸጉሩን ይነጫል። በዚያ ላይ እግሩን አስሮ፣ መብራት ፊቱ ላይ ደቅኖ ቀኑን ሙሉ ማዋል አለ። እሱን አልወደውም። አህያ ሲደበደብ የሚያስቅ የሚመስላቸው ኮሜዲዎች አሉ። እኔን አንድም ቀን አስቀውኝ አያውቁም።

ገንዘብ ያላቸውም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ1995 «ቤብ» የሚባል ስለ አንድ ትንሽ አሳማ የሚያወራ ፊልም ወጥቶ ነበር። (ወሎ ላይ ስለ አሳማ ማውራት ወዳጅ እንደማያበዛ አውቃለሁ፤ ትንሽ ታገሱኝ።) አሳማ ቶሎ ስለሚያድግ ለዚያ ለአንዱ ገጸ ባሕርይ ብቻ 48 ትናንሽ አሳማዎች ተቀያይረዋል። እሱም አልበቃም። ከአሻንጉሊት ሠሪው ጂም ሄንሰን ወርክሾፕ የተሠሩ መካኒካል እንስሳት ተጨመሩ፤ አፋቸው የሚናገር እንዲመስልም ኮምፒውተር ገባበት። ፊልሙ በምስል ውጤት ኦስካር በላ። አሠልጣኙም፣ ገንዘቡም፣ አሳማውም እያላቸው የሠሩት ይህን ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ሥራ አኒማትሮኒክስ ይባላል። ውስጡ የሚንቀሳቀስ አካል ያለው አሻንጉሊት ማለት ነው። ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 የሚዘፍኑና የሚያወሩ መካኒካል ወፎች የሞሉበት አዳራሽ ከፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሙያው ብዙ ርቋል። እኔ ግን ከታሪኩ ሁሉ ቶሎ ትዝ የሚለኝ ሻርኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው «ጆውስ» የሚባለው ፊልም ሲቀረጽ መካኒካሉ ሻርክ ባሕር ውስጥ ሲገባ ይበላሽ ነበር። ዳይሬክተሩ ስፒልበርግም ሻርኩን ብዙ ሳያሳይ መተረክ ግድ ሆነበት። ክንፉን ያሳያል፣ ውሃውን ያሳያል፣ የሚሸሸውን ሰው ያሳያል። ተመልካቹ ጭራሽ ይበልጥ ፈራ።

እኛም ከዚህ የተማርነው አለ። ካሜራው የማያየውን አንሠራም። የኛ በግ ከደረቱ በላይ በግ ነው። ከወገቡ በታች ማዳበሪያ ነው። ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ፣ ላዩ ላይ የተረፈ ቆዳ ጣል የተደረገበት። ሰውዬው አቅፎት ስለሚቀመጥ አይታይም።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ላውራ፤ የሚጠይቁኝ ልጆች ስላሉ።

የራስ ቅሉ ኮምፔንሳቶ ነው፤ በመጋዝ ተቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተሞርዶ የተሠራ። አንገቱ በቀለበት በቀለበት የተቆረጠ የውሃ ቱቦ ነው። ቀለበቶቹ መሀላቸው ላይ ስፖንጅ እየገባ ይደረደራሉ፤ በአራት ማዕዘን አራት ካቦ ያልፍባቸዋል። የግራውን ስትጎትት ወደ ግራ፣ የላዩን ስትጎትት ወደ ላይ። ካቦው የባጃጅ ፍሬን ካቦ ነው፤ ከነሽፋኑ። ጋራዥ ውስጥ አሮጌውን በነፃ ይሰጡሃል፤ አትውሰድ። አሮጌ ካቦ ሽፋኑ ውስጥ ይነክሳል። አንገቱ ቀስ ብሎ ሊዞር ሲል ይያዝና ድንገት ይፈናጠራል። አዲስ ገዝቶ ግሪስ መቀባት ነው።

ፊቱ ሲሊኮን ነው፤ መስታወት የሚገጥሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት በቱቦ የሚሸጠው። ከበቆሎ ስታርች ጋር ሲለወስ ሊጥ ይሆናል፤ በእጅ ይቀረጻል፤ ቶሎም ይደርቃል። አቼቶ አቼቶ ይሸታል። አከራያችን እትዬ የመጀመሪያ ቀን በሩን ከፍተው «ሰላጣ ነው የምትሠሩት?» ብለውናል። ከንፈሩና የጆሮው ውስጠኛ ክፍል ደግሞ ከከመነዳሪ ጎማ ተቆርጦ የተሰፋ ነው። ጎሚስታው የተቀዳደደ ከመነዳሪ ሲሰጠን ምን ልናደርግበት እንደሆነ አልጠየቀም። አሁን ነው የሚያማርረው፤ «ለከንፈር ነው ብትሉኝ ሻል ያለ እሰጣችሁ ነበር» ይላል።

ቆዳ ላይ እድለኞች ነን። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ስለሆነች ስለ ቆዳ ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ዋናው ነገር ቆዳው ስስ መሆኑ ነው። ለመቀመጫ የሚሆን አጎዛ ወፍራምና ግትር ነው፤ አንገት ላይ ሲለብስ አንገቱን አያዞርም። ከውስጥ በኩል በደንብ ተፍቆ ለስለስ ያለ ያስፈልጋል። የበግ ፊት ላይ ያለው ጸጉር ደግሞ ከጀርባው ጸጉር ጋር አንድ አይደለም፤ አጭርና ጥብቅ ያለ ነው። የጀርባውን ቆዳ ፊት ላይ ብትለጥፈው በጉ ኮፍያ ያጠለቀ ሽማግሌ ይሆናል። በመቀስ ማሳጠሩ ብዙ ጊዜ ይበላል። አንድ ያልታሰበ ነገርም አለ፤ ውሻ። ቆዳው ለኛ ባይሸትም ለውሻ ይሸታል። የሰፈሩ ውሾች በራችን ላይ መሰብሰብ ጀምረው ነበር።

ዓይኑ የተቀባ የእንጨት ኳስ ነው። ላዩ ላይ ኢፖክሲ የሚባል የጠራ ሙጫ ፈሶበታል። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት በጣት ግሊሰሪን ይነካል፤ እርጥብ እርጥብ እንዲል። ዓይኑ ካላብረቀረቀ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ተመልካች በጉ የሞተ ይመስለዋል፤ ከሞተ በግ ጋር ደግሞ የሂሳብ ክርክር አያስቅም።

የበግ ዓይን ጥቁሩ ክፍል አግድም ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አስተውሎታል። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ሌላ ነገር አለ። በጉ ሣር ሊነጭ ራሱን ሲደፋ ያ አግድም መስመር አብሮ አይዘነበልም። ዓይኑ ጉድጓዱ ውስጥ ይዞርና መስመሩ ከመሬቱ ጋር እኩል እንደሆነ ይቆያል። ይህን በሞተር ለመሥራት ተጨማሪ ሰርቮ (የሚታዘዝ ትንሽ ሞተር)፣ ተጨማሪ ሽቦ፣ ተጨማሪ ራስ ምታት ይፈልጋል። እኛ የዓይኑ ኳስ ከኋላ በኩል ኩሽኔታ ላይ እንዲቀመጥ አደረግንና ከሥሩ ትንሽ ቡሎን አሰርንበት። ራሱ ሲደፋ ቡሎኑ በክብደቱ ዓይኑን ይመልሰዋል። ባትሪ አይፈልግም፤ አይበላሽም። ፊልሙን ያየ ሰው ይህን ነገር አያውቀውም። ግን አንድ በግ ሲያረባ የኖረ አዛውንት አሻንጉሊቱን አይተው «ይኸ ያያል» ብለው አልፈዋል። ለኔ በቂ ነው።

ወደ ሞተሩ ልምጣ። ሰርቮ የምንለው ሞተር በሪሞት የሚሄዱ መጫወቻ አውሮፕላኖች ውስጥ የሚገኘው ነው። ትንሿ ሰማያዊዋ 9 ግራም ብቻ ትመዝናለች። በየ20 ሚሊ ሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ፣ የኤሌክትሪክ ምት ይደርሳታል። ምቱ 1 ሚሊ ሰከንድ ከቆየ ወደ አንዱ ጠርዝ፣ 2 ሚሊ ሰከንድ ከቆየ ወደ ሌላው፣ 1.5 ከሆነ መሀል ላይ ትቆማለች። ለሽፋሽፍትና ለጆሮ ጫፍ ትበቃለች። ብዙ ሰርቮዎች በአንድ ጊዜ ሲነሱ ግን ባትሪውን ይመጡታል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ የሚያዛቸው ትንሽ ኮምፒውተር ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ያኔ በጉ ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል። መፍትሔው ለሞተሮቹ ለብቻ፣ ለኮምፒውተሩ ለብቻ ባትሪ መስጠትና የሁለቱን ኔጌቲቭ ማገናኘት ነው። ሞባይል የሚጠግን ማንም ልጅ ይህን ያውቀዋል።

የሰርቮ ትልቁ ችግሩ ድምፁ ነው። ዚዝ ይላል። ተዋናዮቹ እየተከራከሩ፣ ማይኩ ክፍት ሆኖ፣ የበጉ ጆሮ ዚዝ ሲል ድምፁ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ሰው በሚናገርበት ሰዓት የሚንቀሳቀሰው ሁሉ በካቦ ነው። ሞተሩ የሚሠራው ዝምታ ላይ ነው፤ ያንን ድምፅ ኤዲተሩ ያጠፋዋል። የማኘኩ ድምፅ በኋላ የተጨመረ ነው። የእትዬ ሙክት ማታ ሲያመሰኳ ቀርጸነው ነው። ክፍያውን በጎመን ተቀብሏል።

ግን ካቦውን የምወደው ለድምፁ ብቻ አይደለም። ሰርቮ የታዘዘውን ይፈጽማል። እጅ ያመነታል። «ሞተሩም ቀስ ብሎ እንዲነሳ ቀስ ብሎ እንዲቆም ፕሮግራም ይደረጋል» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ ይደረጋል። ተዋናዩ ግን በልምምድ ጊዜ የተናገራትን ቃል በቀረጻው ቀን ትንሽ አዘግይቶ ይናገራታል። አንዳንዴ ያልታሰበ ሳቅ ይመጣበትና ይውጠዋል። ያኔ ካቦውን የያዘ ሰው ይጠብቀዋል። ሞተሩ አይጠብቅም። ኮሜዲ ላይ ይህች መጠበቅ ናት ሥራው።

ለዚህ ደግሞ በግ ማየት ያስፈልጋል። ሁላችንም በግ እናውቃለን እንላለን። የምናውቀው ዋጋውንና ላቱን ነው። እኔም በግ ተራ የሄድኩት ለመግዛት ሳይሆን ለማየት ብቻ ሲሆን ሌላ ነገር አየሁ። ነጋዴዎቹ ጥሩ አላዩኝም። «ወንድሜ፣ ትገዛለህ ወይስ ታፈጣለህ?» ያለኝ አለ።

ያየሁት ይህ ነው። በግ አንተን ለማየት ፊቱን አያዞርም። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ከጀርባው ትንሽ ቦታ በቀር ዙሪያውን ያያል። ስለዚህ በግ ፊቱን ሙሉ ለሙሉ ወዳንተ ካዞረ አንድ ነገር ወስኗል ማለት ነው። እኛ ሰዎች በየደቂቃው አንገታችንን እናዞራለን፤ ዋጋ የለውም። በግ ሲያዞር ግን ዋጋ አለው። አሻንጉሊት የሚያንቀሳቅስ ጀማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ሰው በተናገረ ቁጥር የበጉን ራስ ወደ ተናጋሪው ማዞር ነው። ያኔ በጉ የስብሰባ ተሳታፊ ይሆናል።

ሁለተኛው ማኘኩ ነው። በግ ከላይ በኩል የፊት ጥርስ የለውም፤ ጠንካራ ድድ ነው ያለው። ሲያመሰኳ መንጋጋው ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ይሄዳል። ይህን ለመሥራት ከተሰበረ መጫወቻ መኪና የወጣ ሞተር ከነጊሩ ወስደን መሀሉ ላይ ሳይሆን ወደ ጠርዙ የተበሳ ጎማ ገጠምንበት። ጎማው ሲዞር መንጋጋውን ወደ ጎን እየገፋ ይመልሰዋል። ሞተሩ በጉ ከሚያወጣው የበለጠ ድምፅ ስለነበረው በመጨረሻ ሞተሩን በእጅ በሚዞር ካቦ ተካነው።

ሦስተኛው ነው ዋናው። በግ የሚያመሰኳውን ሲጨርስ ይውጣል። ከዚያ ዝም ይላል። ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ አንገቱ ላይ አንድ እብጠት ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ እንደገና ማኘክ ይጀምራል። ደግሞ አንድ ነገር ሲሰማ፣ ውሻ ወይም ያልለመደው ድምፅ፣ ማኘኩን መሀል ላይ ያቆማል። መንጋጋው ወደ አንድ ጎን እንደተንጋደደ ቀጥ ይላል። ጆሮው ብቻ ይዞራል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

በጉን አስቂኝ የሚያደርገው ይህ ነው። የምናንቀሳቅሰው ሳይሆን የምናቆመው።

ሲኑን እንዲህ አድርገን ሠራነው። ሾፌሩና ሰውዬው ሲከራከሩ በጉ ያመሰኳል። ወደ ማንም አያይም። ወደ ውጭ፣ ወደ መንገዱ ነው የሚያየው። ሰውዬው በመጨረሻ ተናዶ «ነገ ለሚታረድ በግ ነው እንዴ ሂሳብ የምከፍለው!» ይላል። ማኘኩ ቆመ። መንጋጋው እንደተንጋደደ። አንድ ጆሮ ቀስ ብሎ ወደ ሰውዬው ዞረ። ራሱ አልዞረም። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ዞረ። አየው። ከዚያ እንደገና ማኘክ ጀመረ።

ዳይሬክተሩ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን በዚህ ላይ ተጣላን። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ለካሜራው ቢጠቅስልኝ» አለኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ፈገግ እንዲል ፈለገ። ሲሊኮኑ ፈገግ ይላል፤ ችግሩ እሱ አይደለም። የጠቀሰ በግ ኮሜዲ ውስጥ እንዳለ አውቋል። ካወቀ ተዋናይ ነው። ተዋናይ ከሆነ ደግሞ ከጎኑ ካሉት ሁለት ሰዎች ይልቅ መጥፎ ተዋናይ ነው፤ ፊቱ ጎማ ነዋ። እኔ አጎት ነበረኝ፤ ደሴ ሙሉ ቤት ያስቅ ነበር፣ እሱ ግን አንዴም ሲስቅ አላየሁትም። ሰው መሬት ላይ ሲንከባለል እሱ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። በጉም እንዲህ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። በጉ ቀልዱን አያውቅም። በጉ የሚያውቀው ድርቆሹን ነው፤ አሁን ደግሞ «ይታረዳል» የሚል ድምፅ ሰምቷል።

አልተግባባንም። «አብሽር፣ ሁለቱንም እንቀርጻለን» አልኩት፤ ቀረጽን።

ቀረጻው ራሱ ሌላ ጉድ ነው። ባጃጅ ሞተሩ ከኋላ፣ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው፤ ሰው መደበቂያ የለውም። የኋላውን ሸራ ፈትተን ካቦዎቹን በዚያ አወጣናቸው። እኛ ከባጃጁ ጀርባ ካርቶን ላይ ተንበርክከናል። ባጃጁ አልተንቀሳቀሰም። ሁለት ልጆች ከጎን ሆነው ያወዛውዙታል፤ አንዱ ቅጠል ይዞ በመብራቱ ፊት ይሮጣል፣ የዛፍ ጥላ ያለፈ እንዲመስል። ቅጠሉን የያዘው ልጅ ከሁላችንም ይበልጥ ደክሞታል፤ ስሙ ግን ፊልሙ መጨረሻ ላይ ተረስቶ ነበር። በኋላ ተጨምሯል።

አንድ በግ ለማንቀሳቀስ ሦስት ሰው ነን። ብዙ ይመስላል። የጃፓኑ ቡንራኩ የሚባለው የአሻንጉሊት ቴአትርም አንድን አሻንጉሊት በሦስት ሰው ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ ዋናው ራሱንና ቀኝ እጁን፣ ሁለተኛው ግራ እጁን፣ ሦስተኛው እግሩን ይይዛል። ከደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን የተነሳው ሃንድስፕሪንግ የሚባል ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2007 ለለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር የሠራውን ፈረስ ሦስት ሰዎች ነበሩ የሚያንቀሳቅሱት። የነሱ ፈረስ ከምንም በፊት ይተነፍሳል። ቆሞም ይተነፍሳል። እኛም ይህንን ሰረቅን። የኛ በግ ደረት ውስጥ የኳስ ፊኛ አለ፤ ከደም ግፊት መለኪያ የተወሰደ መጭመቂያ ተገጥሞለታል። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ቁጭ ብሎ ይጨምቃል፤ ይለቃል። ሥራው ይህ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ተናዶ ነበር፤ «ሁሉም ጆሮና ዓይን ይዞ እኔ ፓምፕ?» አለ። ሞኒተሩ ላይ ትንፋሹ ቆሞና ሳይቆም ሲያየው ግን ፓምፑን ለማንም አላስነካ አለ። በጉ ማኘኩን ሲያቆም ትንፋሹንም አብሮ እንዲይዘው ያደረገው እሱ ነው፤ ማንም አላዘዘውም።

ጆሮና ሽፋሽፍቱ የአንዲት መጋረጃ ሰፊ ነው። ቆዳውን የሰፋችውም እሷ ናት። እጇ ከማንኛችንም ይበልጥ ቀጭን ነገር ያውቃል። ራሱና አንገቱ የኔ ነው። እርስ በርስ አንነጋገርም፤ ማይኩ አለ። የምንጠባበቀው በትንፋሹ ነው።

ሲያልቅ እትዬ ቡና አፍልተው ጎረቤቱን ጠሩ። ላፕቶፑን ረከቦቱ አጠገብ አደረግንና ሁለቱንም አሳየናቸው። የሚጠቅሰውን በግ ሲያዩ ልጆቹ ሳቁ። ትልልቆቹ «ጎበዞች! እንዴት አድርጋችሁ ሠራችሁት?» አሉ። ቶናው ላይ ሌላውን አሳየናቸው። ማኘኩ ሲቆም ቤቱ ዝም አለ። ጆሮው ሲዞር እትዬ ስኒ እንደያዙ «አይ አንተ፣ ሰማህ አይደል!» አሉት፤ በጉን። ከዚያ ነው ሳቁ የመጣው፤ እትዬን ጨምሮ። እንዴት እንደተሠራ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዳይሬክተሩ አየኝ። እኔም ምንም አላልኩም፤ ቡናዬን ጠጣሁ። (ፊልሙ ላይ የገባው የማይጠቅሰው ነው።)

ደሴም አንድ ሲን ነበረን፤ የጦሳ ተራራ ከጀርባ እንዲታይ ተፈልጎ። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ በሸሚዝ የዋለ ሰው እዚያ ጋቢ ይፈልጋል። የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ስንወጣ ረዳቱ በጉን ፖርቶመጋላ ላይ ጫኑት አለን። እምቢ አልን፤ ዓይኑ ያለቀው ትናንት ነው። «እንግዲያው የወንበር ይከፈላል» አለ። ከፈልን። ድርሰቱን የጻፈው ልጅ ከኋላ ወንበር ሆኖ እስከ ደሴ ድረስ ሳቀ።

እዚያ የቸገረን ጉሙ ነው። ቆዳና ስፖንጅ እርጥበት ይጠጣሉ። ከሰዓት በኋላ የበጉ ራስ ከብዶ ካቦዎቹ ይሳቡ ጀመር፤ አንገቱም ተንቀጠቀጠ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ጁራሲክ ፓርክ» ላይ ያ ትልቁ ዳይኖሰርም የዝናቡ ሲን ሲቀረጽ የስፖንጅ ቆዳው ውሃ ጠጥቶ ይንቀጠቀጥባቸው ነበር፤ በፎጣ እያደረቁ ነው የሠሩት። እኛ ፎጣም አልያዝን፤ የመጋረጃ ሰፊዋ ነጠላ ሥራውን ሠራ። የቀሩትን ሾቶች በጉ ተኝቶ እያለ ቀረጽናቸው። የተኛ በግም ደረቱ እስከተነፈሰ ድረስ ይበቃል።

አሁን አህያ እየሠራን ነው። አህያ ላይ ያለው ሀብት ጆሮ ነው። ሁለቱ ጆሮዎች ለየብቻ ይዞራሉ፤ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ። ራሷን ሳታንቀሳቅስ ሁለት ሰው ታዳምጣለች። ሁለት ባለቤት የሚከራከሩባት አህያ ሲን ተጽፏል፤ ለጆሮ የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ደግሞ ዶሮ ይፈልጋሉ። ዶሮ ላይ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ገልብጣችሁ አንብቡት። ዶሮ አታመነታም። ገላዋ ወደ ፊት ሲሄድ ራሷ ያለበት ይቆያል፤ ከዚያ ቷ ብሎ ይቀድማል፤ ደግሞ ይቆማል። እጄ ለዚህ ይዘገያል። ዶሮ የሰርቮ እንስሳ ናት። ካቦ ሳይሆን ፕሮግራም ነው የሚያስፈልጋት፤ ፈጣን፣ ድምፁ ያልበዛ፣ ከጣት ያነሰ አንገት ውስጥ የሚገባ ሞተርም ያስፈልጋል። ፕሮዲውሰሩ ግን ዶሮ ከበግ ስለምታንስ ዋጋዋም ማነስ አለበት ይላል። የበዓል ገበያ ላይ ያለ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ባነሰች ቁጥር ትወደዳለች እላለሁ። እስካሁን አልተስማማንም።